ከስብሰባ እስከ ቀጠሮ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሴቶች ጤና መድረክ ለምታሰናዱ

ሴቶች ስለ ጤናቸው የሚነጋገሩበት መድረክ ማሰናዳት ያን ያህል ከባድ አይደለም። አዳራሽ ይገኛል፣ ተናጋሪ ይገኛል፣ ባነርም በአንድ ቀን ይታተማል። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ስትሰማ ያረፈደችው እናት ምርመራው የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ብር እንደሚሰጥና ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጽፈው አንድ ነገር ይዤ ነው። መድረካችሁ ስንት ሰው መጣ ተብሎ አይለካ። ስንት ሴት ቀጠሮ ይዛ ወጣች፣ ከእነሱስ ስንቷ ቀጠሮዋ ላይ ደረሰች ተብሎ ይለካ።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው የከበቡ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የሚኖሩባቸው ሴቶች ሕይወት አንድ ዓይነት አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተረኛ አለች፣ የአበባ እርሻ ሠራተኛ አለች፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ብሏት የወጣች አለች፣ የአባቷ እርሻ በከተማ የተዋጠባት የገበሬ ልጅ አለች። ሁሉንም በአንድ ጥሪ መሰብሰብ አይቻልም። ሦስቱን ከተሞች በአንድ ቀን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማገናኘትም አይመከርም። ከሰበታ ተነሥቶ ሱሉልታ ለመድረስ አየር ጤና ወርዶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ አዲሱ ገበያ ላይ እንደገና ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። ልጅ ያዘለች ሴት ይህን መንገድ አትሞክረውም። በየከተማው ለየብቻ፣ ከተቻለም በየሰፈሩ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጉት።

ከትንሽ መጀመር የሚያሳፍር አይደለም። ሴታዊት የተባለው የሴቶች ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሲነሣ መነሻው ተቀምጦ የመወያያ ክበብ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የሎ ሙቭመንትም ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ከተማሪው ጋር መነጋገርን ልማዱ አደረገ። ጠረጴዛና ጥቂት ወንበር ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ቀኑን ቁረጡ

ዓለም አቀፍ ቀኖቹ ጥሩ ምክንያት ይሆኗችኋል፤ መሥሪያ ቤቶችም ጆሮ የሚሰጡት በእነሱ ሰሞን ነው። በእኛ አቆጣጠር አስቀድማችሁ አስሏቸው። በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የሚቃወመው የ16 ቀናት ዘመቻ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ይዘልቃል፤ ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን አንድ ቀን ቀድሞ ኅዳር 15 ይጀምራል። የሴት ልጅ ግርዛትን የመቃወሚያው ቀን ጥር 29 (በዚያ ዓመት ጥር 28)፣ ማርች 8 የካቲት 29፣ የፊስቱላ ቀን ግንቦት 15 ነው። ግንቦት 20 ላይ ሁለት ይገጣጠማሉ፤ የሴቶች ጤና ቀንም የወር አበባ ንጽህና ቀንም በዚያው ዕለት ይውላሉ። የጡት ካንሰር ወር የሚባለው ኦክቶበር ደግሞ ከመስከረም 21 ገደማ ይገባል።

ለጤና ሥራ እኔ የምመርጠው የግንቦትን ሰሞን ነው። የሱሉልታ ሜዳ በክረምቱ ውሃ ሳይሞላና መንገዱ ሳይጨቀይ ይደረስበታል፤ ትምህርት ቤትም ገና ስላልተዘጋ ልጃገረዶቹን ክፍላቸው ድረስ ሄዶ መጋበዝ ይቻላል። የኅዳሩ ዘመቻ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ለቡናው ቁርስ ቆሎና የጾም ዳቦ ይበቃል። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ስለሆነች በዚያ ቀን አትቅጠሩ። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው። ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ።

ስለ ጥር ለብቻው ልናገር። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻና ስለ ግርዛት ለመነጋገር ብዙዎች ጥር 29ን ይጠብቃሉ። ጥር ግን የሠርግ ወር ነው፤ በ29ኛው ቀን የሚዳረው ተድሯል። ልጃገረድን ከጋብቻ ማትረፍ የሚፈልግ መድረክ ከገና በፊት፣ ሽማግሌ ሳይላክና ጥሎሽ ሳይቆረጥ መካሄድ አለበት። በጥር 29 የሚደረገው ላለፈው ዓመት ሒሳብ፣ ለሚመጣው ዕቅድ ይሁን።

ሰዓቱን የሚወስነው የምትጠሯት ሴት ሥራ ነው። ለፋብሪካ ሠራተኞች እሑድ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሻላል፤ ቅዳሴ ተፈትቷል፣ ልብስ ታጥቧል፣ ገና አልመሸም። በዓለም ገና ወይም በሰበታ መንገድ ባሉ ፋብሪካዎች አካባቢ ደግሞ ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሰዓት በር አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ለሩብ ሰዓት ብትቆሙ አዳራሽ የማትመጣውን ሴት ታገኟታላችሁ።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ

ብዙ አዘጋጆች ይህን እርምጃ ወደ መጨረሻው ይገፉታል። እኔ ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሴቶችን "ሂዱና ተመርመሩ" ከማለታችሁ በፊት የሚሄዱበትን በር እናንተ ራሳችሁ አንኳኩ። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዳችሁ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ግቡ፣ አዋላጅ ነርሷን አግኟት፣ ደብተር አውጥታችሁ ጠይቁ።

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እዚህ ይሰጣል? በየትኛው ቀን? የሠለጠነችው ባለሙያ አንድ ብቻ ናት ወይስ ተተኪ አላት? የመመልከቻ መሣሪያውና አሴቲክ አሲዱ አሁን መደርደሪያው ላይ አለ? የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ እዚሁ ይታከማል ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል? ከሰበታ ወደ አለርት ሆስፒታል ነው የምትልኩት? ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል? የሪፈር ወረቀቱን ማን ይጽፋል? በቀን ስንት ሴት መቀበል ትችላላችሁ?

የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። አዋላጇ በቀን አሥር ሴት ማየት የምትችል ከሆነና እናንተ መቶ ሴት በአንድ ማለዳ ብትልኩባት ዘጠናዎቹ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ አንዴ የተመለሰች ሴት ደግሞ ሁለተኛ አትመጣም። የምትጠሩትን ሰው ቁጥር ጤና ጣቢያው መቀበል በሚችለው መጠን ወስኑ።

ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ እናንተም ማወቅ አለባችሁ፤ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እናንተን ነውና። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን አሴቲክ አሲድ ትቀባዋለች፤ የኮምጣጤ ዓይነት ነገር ነው። ጤናማ ያልሆነ ክፍል ካለ በደቂቃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀዶ ጥገና የለውም፣ ማደንዘዣ የለውም፣ ውጤቱም ያኔውኑ ይነገራል። ዋና ተመርማሪዎቹ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ከዚያ ቀደም ብላ ትጀምራለች። በወር አበባ ቀን አይሠራም፤ ቀጠሮ ስትሰጡ ይህን ጠይቁ። ልጃገረዶችን በሚመለከት ደግሞ መከላከያ ክትባቱ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጆች መሰጠት ጀምሮ፣ ቆይቶ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰፍቷል። "መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ በየሰፈሩ ስላለ መልሱን ባለሙያዋ ራሷ በመድረኩ ላይ ትስጥ፤ ወሬውንም ሳታጣጥል፣ የምትፈራዋን እናት አክብራ ትመልስ።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የቤተሰብ ምጣኔ ያለ ክፍያ ናቸው። ሴቶች ይህን ቢያውቁም "መድኃኒት የለም፣ ውጪ ግዢ" መባልን ይፈራሉ። ስለዚህ የሦስት ወሩ መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረውና ሉፑ በዚያ ሳምንት መኖራቸውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የሌለ ነገር በመድረክ አታስተዋውቁ።

የቡራዩ አዘጋጆች ደግሞ በደጃችሁ ያለውን አትርሱ። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ። የሆስፒታሉ ደስታ መንደርና እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ያሉት ከቡራዩ አልፎ በታጠቅ በኩል ነው። ፊስቱላ ለያዛት ሴት ሕክምናው በነፃ ነው። ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንት አልቆም ያላት ሴት ስብሰባ አትመጣም፤ ጠረኗን ፈርታ ከቤት አትወጣም። መልእክቱ የሚደርሳት በእናቷ፣ በእህቷ ወይም በጎረቤቷ በኩል ነው። ስለዚህ በመድረኩ ላይ "እንዲህ ያለች ሴት የምታውቁ፣ ከስብሰባው በኋላ ለየብቻ ንገሩን" ማለት ይበቃል።

የሚጠሩት እነማን ናቸው

ሴቶች አስቀድመው የተሰባሰቡበት ቦታ አለ፤ ዕድር፣ ዕቁብ፣ የማርያም ማህበር፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የቡና ጎረቤት። የሴቶች ዕድር ዳኛዋን ካሳመናችሁ ጥሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩን ያዳርሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የእያንዳንዱን ቤት በር ታውቀዋለች፤ ከእሷ ተለይታችሁ አትሥሩ።

በእነዚህ ከተሞች የኖረ ሌላም ሥርዓት አለ። በኦሮሞ ባህል ያገባች ሴት ስንቄ የሚባለውን በትሯን ትይዛለች። ተበድላ ስንቄዋን ይዛ ከወጣችና ከጮኸች፣ ድምፁን የሰሙ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ተከትለዋት ይወጣሉ፤ በደሏ ሳይካስም ወደ ቤታቸው አይገቡም። "ይህ የሴቶች መብት የምትሉት ከፈረንጅ የመጣ ነው" የሚል ሰው መድረኩ ላይ ቢነሣ፣ መልስ የሚሰጡት ስንቄ ያላቸው እናቶች ይሁኑ። ለፎቶና ለአቀባበል ብቻ ግን አትጥሯቸው። የመጀመሪያውን ንግግር ስጧቸው፣ አጀንዳውን ስታወጡም አብረዋችሁ ይቀመጡ።

ቋንቋውን በሁለቱም አድርጉት። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል መሰማት አለባቸው፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ትርጉም መሆን የለበትም። የምጥ ወይም የማህፀን ሕመም ነገር በሁለተኛ ቋንቋ አይነገርም፤ ሴት ሕመሟን የምትገልጸው አፍ በፈታችበት ነው። በቡራዩ በመስከረም 2011 የደረሰውን ጥቃት የሚያስታውሱ ቤተሰቦች አሉ፤ በየከተሞቹም ቤት ፈርሶባቸው ሰፈር የቀየሩ፣ የክትትል ካርዳቸው ከቀድሞው ጤና ጣቢያ የቀረባቸው አሉ። በሩ ላይ የምትቀበለው ሴት ለሁሉም በገባቸው ቋንቋ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብትል አዳራሹ ውስጥ መተማመን ይጀምራል።

ሰበታ ላይ ዓይነ ስውራን ሴቶችን ለይታችሁ ጋብዙ። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ፖስተር አይደርሳቸውም፤ በቃል ጥሯቸው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ ከመሪያቸው ፊት ሆነው ስለ ወር አበባ ወይም ስለ እርግዝና መናገር ይገደዳሉ፤ ስለዚህ አጃቢያቸውን ራሳቸው ይምረጡ፣ ባለሙያዋም ለብቻቸው እንድታናግራቸው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ወንዶችስ? በመጀመሪያው ስብሰባ ባይኖሩ እመክራለሁ። ባል ባለበት ስለ ሉፕ የምትጠይቅ ሴት ጥቂት ናት። ለወንዶቹ ሌላ ቀን፣ በዕድራቸው ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ለምኑና የእርግዝና የአደጋ ምልክቶችን አስተምሯቸው፤ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። ምልክቱ ሲታይ ባጃጅ ፈልጎ የሚያመጣው ባል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑንም ንገሩት።

ደብዳቤው

በኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ ደብዳቤያችሁን በቁቤ ጻፉ፤ ለእናንተ እንዲመች የአማርኛ ቅጂ አያይዙ። አንዱ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለቦታው አስተዳደር ይሁን። በግልባጩ ላይ የገቢ ማህተምና ቁጥር ሳታስመቱ አትውጡ።

ጤና ትምህርት አንድ ነገር ነው፤ መፈክር ይዞ መሰለፍ ሌላ። ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ባታቀላቅሉ ጥሩ ነው፤ በሰልፉ ምክንያት ምርመራው አብሮ እንዳይቀር።

የዕለቱ አሠራር

ቦታው ሴቶቹ በእግር የሚደርሱበት ይሁን፤ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የዕድር ቤት፣ ድንኳን። ሞንታርቦ አትከራዩ። ድምፅ ማጉያ ያለበት ስብሰባ መንገደኛ ሁሉ የሚሰማው ስብሰባ ነው፤ ስለ ማህፀን ፈሳሽ የሚጠይቅ አይገኝም። ሽንት ቤቱ ቁልፍና ውሃ እንዳለው እዩ፣ ውስጡም ሞዴስ አስቀምጡ። ልጆች የሚጠበቁበት ጥግ ምንጣፍ አንጥፋችሁ አዘጋጁ፤ ብዙዋ እናት ልጇን የምትተውለት ሰው የላትም።

የክብር እንግዳ ንግግር አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ አዋላጇ ትናገር፣ ቀሪው ጊዜ የጥያቄ ይሁን። ጥያቄ ደግሞ እጅ በማውጣት አይገኝም። በሩ ላይ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ ስጡ። የምትጠይቀው ያላት ትጻፍ፤ የሌላትም ጭረት ትጫርና ሁሉም እኩል አጥፈው ካርቶን ውስጥ ይክተቱ። እንዲህ ሲሆን ማን እንደጠየቀች አይታወቅም። መጻፍ ለማትችል ሴት ከበሩ ራቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት በጆሮዋ ሰምታ ትጽፍላታለች፤ ያቺ ወጣት ከዚያ ሰፈር ባትሆን ይመረጣል። ካርቶኑ ሲከፈት መድረክ ላይ በድምፅ ሊነሡ የማይችሉ ነገሮች ይወጣሉ፦ ከወለድኩ ወዲህ ግንኙነት ያመኛል፤ መርፌውን ከወሰድኩ የወር አበባዬ ጠፋ፣ ደሜ የት ሄደ፤ ባሌ ሳያውቅ ይቻላል ወይ። አዋላጇ አንድ በአንድ እያነበበች ትመልስ። ጊዜ ቢያጥር ንግግሩን እንጂ ጥያቄውን አትቁረጡ።

ለፋብሪካና ለአበባ እርሻ ሠራተኞች አንድ የሕግ ነጥብ ጨምሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ይፈቅዳል፤ ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ምርመራም የሐኪም ማስረጃ አቅርባ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች። ብዙ ሴቶች ክትትል የሚያቋርጡት ደመወዝ ይቆረጥብኛል ብለው ነው።

ስም መዝገቡን ተጠንቀቁ። ለአበል ወይም ለሪፖርት ተብሎ የሚዞረው የፊርማ ወረቀት ስብሰባው ስለምን እንደሆነ ከላይ አይጻፍበት። የፋብሪካ አለቃ እጅ ቢገባ፣ ባል ኪስ ውስጥ ቢገኝ ምን እንደሚሆን አስቡ። ፎቶ የሚነሣው የተስማማችው ብቻ፣ ከጥያቄው ክፍል በፊት ነው።

አንዲት ሴት የደረሰባትን ብትናገር

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት (እ.ኤ.አ. የ2016) አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከሦስት አንዷ ገደማ በትዳር አጋሯ ጥቃት እንደደረሰባት አሳይቷል። ከዚያ ይበልጥ የሚከብደው፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ለማንም ተናግረው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ በእናንተ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገር ሴት ትኖራለች ብላችሁ ተዘጋጁ። ሳትዘጋጁ ርዕሱን ባትከፍቱት ይሻላል።

ሁለት ረጋ ያሉ ሴቶችን መድቡ፤ ስማቸውን በመጀመሪያ ላይ ለሁሉም አስተዋውቁ። አጠገባችሁ የሚዘጋ ክፍል ይኑር። አንዲት ሴት በጉባኤው መሃል ታሪኳን ብትጀምር አታስቁሟት፣ ግን ዝርዝር አትጠይቋት፤ አንዷ አጠገቧ ትቀመጥ፣ ስትጨርስ ወደ ክፍሉ ይዛት ትሂድ። ሌሎቹ ሴቶች ምክር እንዳያዘንቡባት መድረኩን የምትመራው ሴት ወዲያው ወደ ሌላ ጥያቄ ትለፍ።

መደፈር ከሆነ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የበለጠ ይሠራል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ እሱም ቢሆን ቀደም ሲል ይሻላል። ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሷን ከቀየረች በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ፣ ፌስታል ውስጥ አይጨመር። መጀመሪያ ሕክምና፣ ቀጥሎ ፖሊስ፤ የፖሊስ ደብዳቤ እስኪመጣ ሕክምናው አይጠብቅም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሕግ ድጋፉንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት በመደፈር የመጣ እርግዝና በሕክምና ተቋም ሊቋረጥ ይችላል፤ ለዚህም የራሷ ቃል ይበቃል። ይህን ሕግ የማያውቁ ባለሙያዎችም ስለሚያጋጥሙ አንቀጹን ጽፋችሁ ስጧት።

በሽምግልና ይለቅ የሚል ድምፅ ይነሣል፤ በተለይ ደፋሪው ዘመድ ወይም ጎረቤት ከሆነ። የልጅ መደፈር በበግና በይቅርታ አይዘጋም። ሽማግሌዎቹን አክብራችሁ፣ ነገሩ የሕግ መሆኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው። ስለ ግርዛትም እንደዚሁ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 እና 566 ያስቀጣሉ።

የስልክ ቁጥሮችን በትንሽ ካርድ አሳትሙ፤ ፖሊስ 991፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር 7711፣ የሴታዊት የድጋፍ መስመር 6388። ከማሳተማችሁ በፊት እናንተው ደውሉና መነሣታቸውን አረጋግጡ። ቤቷ መመለስ ለማትችል ሴት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር መጠለያ አለው፤ ከስብሰባው ቀን በፊት ደውላችሁ እንዴት እንደሚቀበሉ ጠይቁ። ካርዱ ላይ "ጥቃት" የሚል ቃል አይታተም፤ የወር አበባ ቀን መቁጠሪያ ከፊቱ፣ ቁጥሮቹ ከጀርባው ይሁኑ።

በመውጫው በር ላይ

ጠረጴዛ፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት ሰው። ሴቶቹ ሲወጡ እዚህ ይቆማሉ። ደብተሩ ላይ የምትጽፉት ጥቂት ነው፤ የምትጠራበት ስም፣ ሰፈር፣ የቀጠሮ ቀን፣ ስልክ። ሕመሙን አትጻፉ፤ በምትኩ እናንተ ብቻ የምታውቁት ቁጥር አስቀምጡ፣ ለምሳሌ 1 ለማህፀን በር ምርመራ፣ 2 ለቤተሰብ ምጣኔ፣ 3 ለእርግዝና ክትትል።

ስልኩን ስትቀበሉ "የማን ነው? ስንደውል ማን ያነሣዋል? ምን ብለን እንጠይቅሽ?" በሏት። የባሏ ወይም የልጇ ስልክ ከሆነ የምትስማሙበት ቃል ይኑር፤ "ከዕድር ነው" ማለት ይበቃል።

ከአንድ ሰፈር የመጡትን ሁለት ሦስት አድርጋችሁ በአንድ ቀን ቅጠሩ። አብረው በአንድ ባጃጅ ይሄዳሉ፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ልጅ ትይዛለች፣ ብቻዋን የምትፈራውም ትበረታለች። መሳፈሪያ ለሌላት ከባነሩ ያዳናችሁት ገንዘብ ይኑር። ከበጀቱ ሁሉ ውጤት ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ባነር ከመግዛት ለአሥር ሴት ታክሲ መክፈል ይሻላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

ደብተሩን አውጥታችሁ ደውሉ። ከእያንዳንዷ ስም ፊት ከሦስቱ አንዱን ጻፉ፦ ሄዳ ታይታለች፤ አልሄደችም፤ ሄዳ ሳትታይ ተመልሳለች።

ያልሄደችውን አትውቀሷት። ምክንያቷን ጠይቃችሁ አዲስ ቀን ስጧት። ሄዳ የተመለሰችው ግን ለብቻዋ ትቆጠር፤ ባለሙያዋ ፈቃድ ላይ ናት የተባለች፣ መሣሪያ አልተቀቀለም የተባለች፣ ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ የጠበቃት፣ መርፌው አልቋል የተባለች። የእያንዳንዷን ቀንና የተነገራትን ቃል በአጭሩ ያዙ። አምስት ስድስት ሲደርስ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በአካል አሳዩ፤ ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን የምታውቀው አዋላጇም ማስረጃ በማግኘቷ ደስ ይላታል። ካልተስተካከለ በሴቶች ዕድራችሁ ስምና ፊርማ ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ጻፉ።

ደብዳቤው ላይ የማንም ሴት ስም አይግባ፤ ቁጥርና ቀን ብቻ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤናቸውን ለማስጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ እሱን ጥቀሱ። የምትጠይቁትንም ለይታችሁ ጻፉ፦ ምርመራው በሳምንት በየትኛው ቀን በርግጠኝነት እንደሚሰጥ፣ ባለሙያዋ በሌለችበት ቀን ማን እንደሚተካት፣ የጎደለው ዕቃ እስከ መቼ እንደሚሟላ። የምላሽ ቀን አስቀምጡ፣ የገቢ ማህተም አስመትታችሁ ቅጂውን ለዕድር ጸሐፊዋ ስጡ። ቀኑ ሲደርስ ሦስት አራት ሆናችሁ ሄዳችሁ ምላሹን ጠይቁ፤ ስንቄ ያላቸው እናቶችም አብረዋችሁ ይሂዱ።